ጥሎ ማለፍ በትንቢት አይመራም፦ ለ«ስድስቱ ሕጎች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር የኳስ ደጋፊዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች የሚመሩባቸው ስድስት «የማይሻሩ ሕጎች» አግኝቻለሁ ይላሉ። ሙኒክ ላይ የሚደረግ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ (የዛሬው ሻምፒዮንስ ሊግ) ፍጻሜ ሁልጊዜ አዲስ ሻምፒዮን ያነግሣል፤ የፖርቱጋሉ ክለብ ቤንፊካ ተረግሟል፤ የመልሱን ጨዋታ በሜዳው የሚያደርግ ያልፋል፤ በመለያ ምት ቀድሞ የሚመታ ያሸንፋል፤ የዓለም ሻምፒዮን በቀጣዩ ዋንጫ ከምድቡ አያልፍም፤ ከጨዋታ በፊት ዋንጫውን የነካ ይሸነፋል። የጽሑፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግሞ «እነዚህን ሕጎች ይዞ የተወራረደ አይከስርም» ይላል።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባይኖር ኖሮ ብዕሬን አላነሣም ነበር። በየኳስ ማሳያ ቤቱ እንዲህ ያለ ጨዋታ የቆየ ነው። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከአራዳ እስከ ማራኪ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተሰብስቦ የአውሮፓን ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ የራሱ ግምትና የራሱ ምክንያት አለው። አንዱ የዳኛውን ዜግነት ያያል፣ ሌላው የማሊያውን ቀለም፣ ሌላው የዕጣውን ቅደም ተከተል። ኳስን ከሚያጣፍጡት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ነገር ግን ጨዋታው «ሕግ» ተብሎ ተጽፎ ለአንድ ወጣት ገንዘቡን የሚያስይዝበት ምክር ሆኖ ሲቀርብ ጉዳዩ ይለወጣል። ስለዚህ ሕጎቹን አንድ በአንድ ልመልከታቸው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሙኒክ እንጀምር፤ ከስድስቱ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነውና። መረጃው እውነት ነው። በ1979 ኖቲንግሃም ፎረስት፣ በ1993 ማርሴይ፣ በ1997 ዶርትሙንድ፣ በ2012 ቼልሲ፣ በ2025 ደግሞ ፓሪ ሳን ዠርማ ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፎ፣ አምስቱም የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሡት ሙኒክ ላይ ነው። ጸሐፊው «አምስት ከአምስት» ብለው እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ሕጉ ሊሳሳት ይችል የነበረው በስንቱ ጨዋታ ላይ ነው?

በ1979 ፎረስት የገጠመው የስዊድኑን ማልሞን ነበር። ሁለቱም ዋንጫውን አንሥተው አያውቁም። ማንም ያሸንፍ ማን አዲስ ሻምፒዮን መውጣቱ አይቀርም ነበርና ይህን ጨዋታ ለሕጉ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። የቀሩት አራት ናቸው፤ ሚላን፣ ጁቬንቱስ፣ ባየርንና ኢንተር ቀድሞ ዋንጫ የነበራቸው ተሸናፊዎች ናቸው። የሁለቱን ቡድኖች ዕድል እኩል አድርገን ብንወስድ፣ አንድ ሳንቲም አራት ጊዜ ተወርውሮ አራቱንም ጊዜ በአንድ ፊቱ የመውደቅ ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። ፍጻሜ ደጋግመው ያስተናገዱ ከተሞች ደግሞ ብዙ ናቸው። በሁሉም ላይ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ሲፈለግ አንዱ ጋ መገኘቱ አይቀርም፤ የተገኘው ሙኒክ ላይ ሆነ። ሮምን ይመልከቱ። በ1977 ሊቨርፑል የመጀመሪያውን ዋንጫ እዚያ አነሣ፤ በ1984 ግን ያው ሊቨርፑል ተመልሶ መጣና ዋንጫ አንሥቶ የማያውቀውን ሮማን በገዛ ሜዳው አሸነፈ። በ1996 ጁቬንቱስ፣ በ2009 ባርሴሎና እዚያው ሲያሸንፉ ሁለቱም አዲስ አልነበሩም። ስለ ሮም ሕግ የጻፈ ሰው የለም፤ ሮም ላይ ሰንሰለቱ ተበጥሷልና።

ሌላም ነገር አለ። የ2012ቱን ፍጻሜ ጸሐፊው ለሙኒክ ሕግ በምስክርነት ጠርተውታል። ያ ጨዋታ ግን የተደረገው በባየርን በራሱ ሜዳ ነው። በመለያ ምቱም ቀድሞ የመታው ባየርን ነበር፤ የባየርኑ ፊሊፕ ላም አስቆጠረ፣ የቼልሲው ሁዋን ማታ ሳተ። ያም ሆኖ ዋንጫው ወደ ለንደን ሄደ። የመጀመሪያው ሕግ በሠራበት ሌሊት አራተኛው ሕግ ፈረሰ፤ «ሜዳ ዕጣን ይወስናል» የሚለው የሦስተኛው ሕግ መሠረትም አብሮ ተናጋ። በዚያ ምሽት በስድስቱ ሕጎች ሊወራረድ የተነሣ ሰው የትኛውን ይዞ ነበር የሚሄደው?

ሁለተኛው የቤንፊካ እርግማን ነው። አሰልጣኙ ቤላ ጉትማን ቤንፊካን በ1961 እና በ1962 የአውሮፓ ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ ተከለከለ፤ «ከእንግዲህ ለመቶ ዓመት ቤንፊካ የአውሮፓ ዋንጫ አያነሣም» ብሎ ሄደ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ስምንት የአውሮፓ ፍጻሜዎችን ተሸንፏል፤ በ1963፣ በ1965፣ በ1968፣ በ1983፣ በ1988፣ በ1990፣ በ2013 እና በ2014። ስምንት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ በሳንቲም ውርወራ ስሌት ከ256 አንድ ነው። ይህ ከሙኒኩ የበለጠ ከባድ ነው፤ አልክደውም።

ይሁን እንጂ ፍጻሜዎቹ የሳንቲም ውርወራ አልነበሩም። በ1965 ቤንፊካ ኢንተርን የገጠመው ሚላን ውስጥ፣ በኢንተር በራሱ ሜዳ ነው። በ1968 ማንቸስተር ዩናይትድን የገጠመው ለንደን ላይ፣ በዌምብሌይ ነው። በ1990 ከፊቱ የቆመው ጉሊት፣ ቫን ባስተንና ራይካርድ ያሉበት ሚላን ነበር። በ1988 እና በ2014 የተሸነፈው በመለያ ምት ነው። ለእያንዳንዱ ሽንፈት ሜዳ ላይ የሚታይ ምክንያት አለ፤ እርግማኑን ከመካከል ብናወጣው የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል የ2010ሩን ጀርመናዊ ኦክቶፐስ ጳውልን ያነሣሉ። በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ስምንት ጨዋታ ገምቶ ስምንቱንም አግኝቷል፤ እውነት ነው። ዕድሉም ከ256 አንድ ነው፤ ልክ እንደ ቤንፊካ። ከዚያ ቀደም በነበረው የ2008 የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ ግን ተሳስቶ እንደነበር ጽሑፉ አይናገርም። በዓለም ላይ ስንት እንስሳ በስንት ቤት እንዲገምት ተደርጎ ስንቱ ተረሳ? እኛ ዘንድ ስሙ የሚደርሰው ያልተሳሳተው ብቻ ነው። የክለቦቹም ነገር ያው ነው። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ክለቦች መካከል ለአንዱ ክፉ ሰንሰለት መድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ የደረሰበት ክለብ ታሪክ ሲፈለግለት ደግሞ ጉትማን ተገኘ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ጎንደሬ ትንቢት አይንቅም» ብለው የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ጠቅሰዋል። ጥሩ አድርገው ጠቀሱት። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚለው ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ከቋራው ካሣ ኃይሉ በፊት የኖረ ነው። ካሣ ግን ስሙን የወሰደው መቼ ነው? ከጉራንባ፣ ከታኩሳና ከአይሻል ጦርነቶች በኋላ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ዘውድ ሲጭን ነው። ቢሸነፍ ኖሮ ትንቢቱ ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር እንጂ «ትንቢቱ ሐሰት ሆነ» የሚል አይገኝም ነበር። ጦርነቱ ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ። የጸሐፊው ሕጎችም እንዲሁ ናቸው፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚሰየሙ ናቸው። የመይሳውን ልጆች በትንቢት ስም ወደ ውርርድ ቤት መጥራት ግን ለእኔ ከባድ ድፍረት ነው።

ሦስተኛውን ሕግ ረጋ ብለን እንየው፤ ከስድስቱ ውስጥ እውነት የተቀላቀለበት እሱ ነውና። የመልሱን ጨዋታ በሜዳው የሚያደርግ ቡድን አዘውትሮ ያልፋል። ሪያል ማድሪድ በ2022 ፓሪ ሳን ዠርማን፣ ቼልሲንና ማንቸስተር ሲቲን በተከታታይ የጣለው በቤርናቤው የመልስ ጨዋታ ነው። ሊቨርፑል በ2019 ከባርሴሎና 3 ለ 0 ተሸንፎ ተመልሶ በአንፊልድ 4 ለ 0 አሸንፏል። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? በሻምፒዮንስ ሊግ ለብዙ ዓመታት የምድብ አንደኛ የሆነው ቡድን በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር የመልሱን ጨዋታ በሜዳው እንዲያደርግ ደንቡ ይፈቅድለት ነበር። በ2024 በተጀመረው አዲሱ አሠራርም 36ቱ ቡድኖች በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት ወደ ማጣሪያ ሲገቡ፣ ከ9ኛ እስከ 16ኛ ያሉት የመልሱን በሜዳቸው ያደርጋሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በመልሱ ጨዋታ ባለሜዳ የሚሆነው አስቀድሞም ጠንካራ የነበረው ቡድን ነው። ጥንካሬው ያሳለፈውን ሜዳው አሳለፈው እንላለን። ሜዳው በራሱ የሚሰጠው ጥቅም የለም አልልም፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ከሄደ 30 ደቂቃ ተጨማሪ በራስ ደጋፊ ፊት መጫወት ነውና። የማድሪድ ሁለቱ ድሎች፣ በቼልሲና በሲቲ ላይ፣ የተገኙት በዚያው በተጨማሪ ሰዓት ነው። ነገር ግን ጥቅም ማለት ሕግ ማለት አይደለም። በ2025 ሊቨርፑል የሰንጠረዡ አንደኛ ነበር፤ ፓሪሶች 15ኛ ነበሩ። ሊቨርፑል ፓሪስ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ አንፊልድ ተመለሰ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶለት ነበር። በሜዳው 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመለያ ምትም 4 ለ 1 ወጣ። ሙኒክ ላይ ዋንጫውን ያነሡት እነዚያው ፓሪሶች ናቸው።

ስለ መልስ ጨዋታ ሲነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ የሱዳንን ጨዋታ ሳያነሣ ማለፍ አይችልም፤ ጸሐፊው ግን አልፈውታል። ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ዋሊያዎቹ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ነበር። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጠሩ፤ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ግቦች ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ላይ ላዩን ሲታይ ሦስተኛውን ሕግ የሚደግፍ ይመስላል። ግን ያሳለፈን ምን ነበር? በሽንፈት ሌሊት፣ በባዕድ ሜዳ፣ አምስት ግብ ተቆጥሮባቸው ተስፋ ሳይቆርጡ ያስቆጠሯቸው ሦስቱ ግቦች ናቸው። እነዚያ ሦስቱ ባይኖሩ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ምንም አይጠቅምም ነበር። ለዚያ ቡድንና ለአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚገባው ክብር «ሜዳው አሳለፋቸው» በሚል አንድ መስመር ሲሸፈን ደስ አይለኝም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም.፣ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አስቆጠረ፤ ኤመኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻው ደቂቃም በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። እዚህም የመልሱ ባለሜዳ አለፈ፤ ነገር ግን ነገሩ ያለቀው በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በእኛው ሜዳ፣ በእኛው ሕዝብ ፊት ነው። ያን ቀን የተሰማንን ያስታወሰ ሰው ሜዳ ብቻውን ማንንም እንደማያድን ይነግርዎታል።

የከተማችን ክለብ ምስክርነትም አለ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነበር የተካሄደው፤ ጎንደር ከነዚያ አንዷ አልነበረችም። ዐፄዎቹ ያን ታላቅ ዓመት በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርጉ ነው ዋንጫውን ያመጡት። ሊግ ከጥሎ ማለፍ እንደሚለይ አውቃለሁ። ቢሆንም «ያለ ሜዳ ዋንጫ የለም» የሚል ቃል ከጎንደር ሰው ብዕር ሲወጣ እነዚያ ተጫዋቾች ቅር ይላቸዋል።

አራተኛው፣ በመለያ ምት ቀድሞ የሚመታ ያሸንፋል የሚለው፣ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2010 የታተመ ጥናት ቀድመው የሚመቱ ቡድኖች 60 በመቶ ያህል እንደሚያሸንፉ አሳይቶ ነበር፤ ከዚያ የተነሣ በ2017 የመምቻው ተራ የሚቀያየርበት አሠራር በሙከራ ላይ ውሎ በኋላ ቀረ። ብዙ ተጨማሪ ጨዋታዎችን የሰበሰቡ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። ፍጻሜዎቹን እንቁጠር። በመለያ ምት የተለዩት ሦስት የወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ናቸው፤ በ1994 ጣሊያን ቀድማ መትታ ተሸነፈች፣ በ2006 ቀድማ መትታ አሸነፈች፣ በ2022 ፈረንሳይ ቀድማ መትታ ተሸነፈች። በሻምፒዮንስ ሊግ ከ2003 እስከ 2016 በነበሩት አምስት እንዲህ ያሉ ፍጻሜዎች ጁቬንቱስ፣ ሚላንና ባየርን ቀድመው መትተው ተሸንፈዋል፤ ቀድመው መትተው ያሸነፉት ዩናይትድና ማድሪድ ናቸው። ከስምንቱ አምስቱን ያሸነፈው ሁለተኛ የመታው ነው። ከዚህ ተነሥቼ «ሁለተኛ የሚመታ ያሸንፋል» የሚል ሕግ ብጽፍ ጸሐፊው ምን ይመልሱልኛል?

አምስተኛው የዓለም ሻምፒዮኖች ውድቀት ነው። ፈረንሳይ በ2002፣ ጣሊያን በ2010፣ ስፔን በ2014፣ ጀርመን በ2018 ከምድባቸው አላለፉም። ብራዚል ግን በ2006 ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች፤ ፈረንሳይም በ2022 እስከ ፍጻሜው ሄዳ በመለያ ምት ነው የተሸነፈችው። «የማይሻር» የተባለው ሕግ ከ2002 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ብቻ ሁለት ጊዜ ተሽሯል ማለት ነው። ለቀሩትም ምክንያቱ ሥውር አይደለም፤ ዋንጫ ያመጣ ቡድን ከአራት ዓመት በኋላ በአራት ዓመት ያረጀ ቡድን ነው፤ አሰልጣኝም ባለውለታዎቹን ለመተው ይከብደዋል። የዚዳን ጉዳት ደግሞ ፈረንሳይን በ2002 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ያለ እሱ እንድትጫወት አስገድዷታል። ጉዳትና ዕድሜ ይመዘናሉ፤ እርግማን አይመዘንም።

ስድስተኛው፣ ዋንጫውን የመንካቱ ነገር፣ ብዙ አያቆየንም። በ2012 የባየርኑ ቲሞሽቹክ ወደ ሜዳ ሲገባ ዋንጫውን ነክቶ ቡድኑ ተሸነፈ፤ በ2018 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ የማርሴዩ ፓዬት ነክቶ ተጎድቶ ወጣ። የነካ ሁሉ ሲሸነፍ ፎቶው ይሠራጫል፤ ነክቶ ያሸነፈን ሰው ፎቶ የሚፈልገው የለም።

ለጸሐፊው ፍትሕ እንዳላጓድል፣ ጽሑፋቸው ውስጥ እኔም የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ሪያል ማድሪድ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ፣ በዛሬው ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ፍጻሜ ላይ ከ1981 ወዲህ አልተሸነፈም ብለዋል። ከ1998 እስከ 2024 ዘጠኝ ፍጻሜ ደርሶ ዘጠኙንም አሸንፏል። በሳንቲም ስሌት ይህ ከ512 አንድ ነው፤ ከእርግማኑም ከኦክቶፐሱም ይበልጣል። እኔም ዕድል ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ግን ከራውል እስከ ሮናልዶ፣ ከካሲያስ እስከ ኩርቱዋ፣ ከሞድሪች እስከ ቪኒሲየስ ያለውን የተጫዋች ጥራት የማያይ ሰው ብቻ ነው ምሥጢር የሚፈልግለት። ያ ቡድን ቢሆን በ2025 በአርሰናል 3 ለ 0 ተሸንፎ በሜዳው ይገለብጠዋል ሲባል እዚያም 2 ለ 1 ተሸነፈ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው የውርርድ ምክር ነው ሌሊቱን ያስቀመጠኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎች በደብተራቸው መካከል የውርርድ ትኬት ይዘው ሲመጡ አያለሁ። ስለዚህ ስሌቱን እዚሁ ላስቀምጠው። ሁለት እኩል የሆኑ ቡድኖች ሊጋጠሙ ነው እንበል። ፍትሐዊው ክፍያ ለ100 ብር 200 ነው። አወራራጁ ቤት ግን ለሁለቱም ወገን ለምሳሌ 185 ብር ይሰጣል። አንድ ሰው በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ላይ 100፣ 100 ብር ቢያስይዙ ቤቱ 200 ተቀብሎ 185 ከፍሎ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ 15 ብር ይቀረዋል። በአማካይ ከእያንዳንዱ 100 ብር ወደ ተወራራጁ የሚመለሰው 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ልጆቻችን ግን በአንድ ጨዋታ አይወራረዱም፤ ትልቅ ብር እንዲያወጣላቸው ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ ይደረድራሉ። አራት ሲደረድሩ አማካዩ ወደ 73 ብር ይወርዳል፤ ስምንት ሲደረድሩ ወደ 54 ብር። ሁሉንም ማግኘት የግድ ነውና ስምንቱም የመሳካታቸው ዕድል ከ256 አንድ ነው። ኦክቶፐሱ አንድ ጊዜ ያደረገውን በየሳምንቱ ለማድረግ ነው የሚጠየቁት። ሙኒክ፣ እርግማንና የተነካ ዋንጫ በዚህ ስሌት ላይ አንዲት ሳንቲም አይጨምሩም፤ የሚጨምሩት ድፍረት ነው፤ ድፍረቱም ትኬቱን ያስረዝመዋል።

በየኳስ ማሳያ ቤቱ ሁልጊዜ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ቡድናቸው ያሸነፈበትን ሹራብ ፍጻሜው እስኪያልፍ የማያወልቁ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው እነሱንም ለሕጎቻቸው በምስክርነት ቆጥረዋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ነገ ውጤት የሚሉት ነገር የለም። ሹራቡን የሚለብሱት ከሚወዱት ቡድን ጋር አብረው ለመሆን ነው፤ ቢሸነፍም በሚቀጥለው ዓመት ይለብሱታል። ማንንም አያከስሩም። እነሱን ከትኬት ሻጭ ጋር አንድ ላይ ማሰር በደል ነው።

ጸሐፊው ሕጎቻቸው እውነት ናቸው ብለው አሁንም የሚያምኑ ከሆነ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቀጥለው የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ዕጣ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ኳስ ከመመታቱ በፊት፣ ከስምንቱ ግጥሚያዎች የሚያልፉትን ስምንት ቡድኖች በየትኛው ሕግ እንደገመቱ ጠቅሰው ከነቀኑ ይጻፉ። ከጎኑ እኔ ያለ ምንም ሕግ በሰንጠረዡ ከፍ ያለውን ቡድን ብቻ እየመረጥኩ የራሴን ስምንት እጽፋለሁ። ሁለቱንም ወረቀቶች ፒያሳ በሚገኝ አንድ የኳስ ማሳያ ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸው፤ ገንዘብ አይያዝበትም። የመልሱ ጨዋታዎች ሲያልቁ ደጋፊው ራሱ ይቁጠር።